ግማሽ ዋጋ የተጠራበት የአዘዞ ቤት

እህቴና ባለቤቷ ጎንደር ውስጥ ቤት ፍለጋ ከጀመሩ ቆይተዋል። ሁለቱም የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ ማራኪ ሰፈር ተከራይተው ይኖራሉ። በዕቁብና በቁጠባ ያጠራቀሙት ከዘመድ ብድር ጋር ሲደመር 2 ሚሊዮን ተኩል ብር ቢሞላ ነው። በዚህ ገንዘብ ብዙ ምርጫ የለም። በመጋቢት አንድ ደላላ ደወለላቸው። አዘዞ በኩል፣ 280 ካሬ ግቢ፣ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ከነሰርቪሱ፣ ካርታ ያለው፣ 1 ሚሊዮን 900 ሺህ ብር። እዚያው መንገድ ላይ የሚመሳሰል ግቢ ከ3 ሚሊዮን ተኩል በታች ሲጠራ ሰምተው አያውቁም።

«ሻጩ ውጭ ሊወጣ ስለሆነ ቸኩሏል» አለ ደላላው። «እስከ ሐሙስ ቀብድ ካልሰጣችሁ ሌላ ሰው ይወስደዋል።»

እህቴ ያን ቀን ማታ ደወለችልኝ። የምሠራው ግንባታ ላይ ስለሆነ ግድግዳና ጣሪያውን እንድመረምርላት ነበር የፈለገችው። «ወንድምዬ፣ ቤቱ ደህና መሆኑን ብቻ ንገረኝ፤ ሌላውን እኛ እንጨርሰዋለን» አለችኝ። ሌላው ያለችው ነገር ግን ከግድግዳው የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ታሪኩን በእሷ ፈቃድ ነው የምጽፈው። ሰዎቹንም ቤቱንም ለይቶ የሚያሳውቅ ነገር አላስገባሁም።

የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር። ቤት ያለ ምክንያት አይረክስም። ምክንያቱ ሳይታወቅ ደግሞ አንድን ቤት ርካሽ ነው ወይም ውድ ነው ማለት አይቻልም። አንዳንዱ ምክንያት በሲሚንቶና በፌሮ ይታረማል፤ ወጪው ይሰላል፣ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል። አንዳንዱን ግን ገዥው የቱንም ያህል ገንዘብ ቢኖረው ብቻውን አያስተካክለውም። የእኛ ሥራ እነዚህን ሁለቱን መለየት ነበር።

ንጹሕ ምክንያትም ይኖራል። በሐምሌ 2015 በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ባለው ሁኔታ፣ ንብረቱን ሽጦ ለመሄድ የሚጣደፍ ሰው ጎንደር ውስጥ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ከገበያው ዝቅ አድርጎ ቢሸጥ አይፈረድበትም። ግን የቸኮለ ሰው ጥቂት መቶ ሺህ ይጥላል። ግማሽ የሚጠጋ ዋጋ ለመጣል ከችኮላ ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

ግድግዳውና አፈሩ

ጠዋት ሄደን አየነው። ግቢው ያምራል። ጌሾ አለው፣ ከቤቱ ጀርባ ትልልቅ ባህር ዛፎች ቆመዋል። ቤቱ የጭቃ ነው፤ በሲሚንቶ ተለስኖ ቢጫ ተቀብቷል። ቀለሙ ገና ይሸታል። ቤት የሚሸጥ ሰው ሁሉ ይቀባል፣ በዚያ አልጠረጠርኩም። ልብ ያልኩት ልስኑን ነው። የታደሰው በአንድ ክፍል፣ በአንድ መስመር ብቻ ነበር። መስመሩ ከመስኮቱ ጥግ ይነሳና በሰያፍ ወደ ኮርኒሱ ይወጣል። የዚያው ክፍል በር ደግሞ አናቱ ላይ በመላጊያ ተልጓል። መቃን ሲዛባ በር አልዘጋ ይላል፤ ያኔ አናጢ ይጠራና ይላጋል።

ወደ ጓሮ ዞርኩ። መጋቢት ስለሆነ መሬቱ ደርቋል። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ዋልካ ነው።

ዋልካ ላይ የሠራ ግንበኛ ጠባዩን ያውቃል። ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይኮማተራል። በላዩ ያረፈው ቤት በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ቤቱ በሙሉ እኩል ቢነሳና እኩል ቢወርድ ጉዳቱ ትንሽ ነበር። ችግሩ አንዱ ጥግ ከሌላው ቀድሞ መድረቁ ነው፤ ያኔ ግድግዳው ይቀደዳል። እዚህ ደግሞ ባህር ዛፎቹ አሉ። የዛፎቹ ሥር ወደ ቤቱ ሄዶ ከመሠረቱ በታች ያለውን እርጥበት ይመጥጣል። አዲሱ ልስን የሸፈነው ስንጥቅ ለዛፎቹ በሚቀርበው ጥግ ላይ መሆኑ ድንገት የመጣ ነገር አይደለም።

የምሰሶዎቹን እግር በካቻቢቴ ነካ ነካ አደረግኩ። ሁለቱ ጋ ብረቱ እንደ ቅቤ ውስጥ ገባ። ምስጥ ጨርሷቸዋል።

አዲስ ቤት ቢሠራ ለዋልካ መፍትሔ አለ። ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ይወጣል፣ በቦታው ገረጋንቲ ገብቶ በደንብ ይጠቀጠቃል። መሠረቱ ጠለቅ ይላል፣ በግሬድ ቢም፣ ማለትም መሠረቱን ዙሪያውን በሚያስር የኮንክሪት ቀበቶ ይታሰራል። ዙሪያውን ውኃ እንዳይተኛ ቦይ ይወጣል፣ ጣሪያው አሸንዳ ይደረግለታል፣ ዛፍም ይርቃል። በቆመ የጭቃ ቤት ላይ ግን ይህን ማድረግ አይቻልም። የሚቻለው በየዓመቱ መለሰን ነው።

ስለዚህ ለእህቴ ቤቱን እንደሌለ እንድትቆጥረው ነገርኳት። «የምትገዢው ቦታውን ነው» አልኳት። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አለ። በሕግ መሬት አይሸጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ለገዥ የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ በቦታው የመጠቀም መብት ከቤቱ ጋር ይተላለፋል። ቤቱ ዋጋ ከሌለው፣ የ1 ሚሊዮን 900 ሺህው ዋጋ በሙሉ ያረፈው ወረቀቱ ላይ ነው ማለት ነው።

ደግሞም ዋልካው ብቻውን ዋጋውን አያስረዳም። መንገዱ ሁሉ ዋልካ ላይ ነው። የጎረቤቶቹም ግድግዳ ተሰነጣጥቋል። የእነሱ ግን 3 ሚሊዮን ተኩል ይጠራል።

ጎረቤት ያወቀው

ከአጥሩ ማዶ ያሉ እናት ቡና አፍልተው ጠሩን። እንዲህ ያለ ግብዣ ቤት ለሚገዛ ሰው ከማንኛውም ቢሮ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ቸኩሎ «አይ፣ አመሰግናለሁ» ማለት ትልቅ ጥፋት ነው። እህቴ «እትዬ፣ ሰፈሩ እንዴት ነው?» ብላ ጀመረች። ስለ ውኃው አወራን። ጎንደር ላይ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል፤ የአንገረብ ግድብ ደለል ሞልቶት ለከተማዋ አልበቃ ካለ ቆይቷል። ከዚያ ወደ ቤቱ መጣን።

«የኔ ልጅ፣ እኔ ሰው ማሰናከል አልወድም» አሉ። «ግን ያ ቤት ገድ የለውም። ተከራይ አይሰነብትበትም።»

የእህቴ አማት ይህን ሲሰሙ ነገሩ እንዲቀር ፈለጉ። ባለቤቷ ደግሞ ጸበል ተረጭቶ ይገባል አለ። እኔ እንዲህ ያለውን ወሬ አልንቅም፤ ሰው ያየውን ነገር በሚያውቀው መንገድ ነው የሚናገረው። እናትየውን ተከራዮቹ መቼ እንደወጡ ጠየቅኳቸው።

«ሁለቱም በነሐሴ» አሉ። «ልጆቻቸውን ሳል አልለቅ እያላቸው። ሊሾው ሥር ውኃ ይመጣል። ጠዋት ፍራሹ እርጥብ ነው።»

ወጥተን መንገዱን አየን። ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ ብሏል፤ ግቢው ዝቅ ብሎ ቀርቷል። የመንገዱ ውኃ ተንሸራቶ የሚገባው ግቢው ውስጥ ነው። በመጋቢት ፀሐይ ይህን ማየት አይቻልም ነበር። ቤቱን በበጋ እንድናይ፣ ቀብዱም ከዝናቡ በፊት እንዲያልቅ መፈለጉ አሁን ገባኝ።

እናትየው ሌላም ነገር አሉ፤ ዋናው እሱ ነው። በዕድሩ የአባትየውን ለቅሶ፣ ቀጥሎም የእናትየውን ለቅሶ እንዴት እንደተቀመጡ ሲያወሩ፣ «አምስቱም ልጆች እኮ ጨዋ ናቸው» አሉ። አምስት? ደላላው ቤቱ የሻጩ ነው ብሎን ነበር። እህቴ ሰርቪሱ ውስጥ ስላየነው ወጣት ጠየቀቻቸው። ደላላው «ተከራይ ነው፣ በሳምንት ውስጥ ይወጣል» ያለን ልጅ ነው።

«የምን ተከራይ? የመጨረሻው ልጃቸው እኮ ነው። እናቱን ያስታመመው እሱ ነው።»

እህቴ ስኒውን አስቀመጠች። ልጁ ቤቱ እየተሸጠ መሆኑን አያውቅም ነበር።

ካርታው ምን ይላል

የካርታውን ኮፒ ጠየቅን። ሻጩ ትንሽ ካንገራገረ በኋላ በስልክ ላከ። ስሙ የአባትየው ነው። ስፋቱ 204 ካሬ ነው። ደላላው 280 ነበር ያለው። ሜትር ይዘን ሄደን ለካን፤ እውነትም ግቢው 280 ይሆናል። 76ቱ ካሬ አጥሩ ሲታደስ ወደ ውጭ ተገፍቶ የተያዘ ነው። ሰርቪሱና መጸዳጃ ቤቱ ያረፉት እዚያ ላይ ነው።

ይህ ሒሳቡን ለወጠው። በ280 ሲካፈል ዋጋው በካሬ 6 ሺህ 800 ብር ገደማ ነበር። በ204 ሲካፈል 9 ሺህ 300 ገደማ ሆነ። የጎረቤቶቹ 12 ሺህ 500 አካባቢ ነው። ግማሽ የመሰለው ቅናሽ ወደ ሩብ ወረደ። ትርፉ ቦታ ከካርታ ውጭ ስለሆነ አንድ ቀን መንግሥት ቦታውን ለመንገድ ቢፈልገው ካሳ ይጠየቅበታል ማለት ከባድ ነው። የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 ካሳ የሚከፍለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው።

በከተማው ፕላን ላይ መንገድ ያልፍበት እንደሆነ ጠየቅን፤ አያልፍበትም። ዕዳና እግድም አልተገኘበትም። ፒያሳ አካባቢ ቢሆን ኖሮ ሌላ ጥያቄም እንጨምር ነበር። ፋሲል ግቢ የዓለም ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ በዙሪያው እንደልብ አፍርሶ መሥራት የለም። አዘዞ ላይ ይህ አላሳሰበንም።

የሻጩ ሥልጣን ግን ተሰነጠቀ። ያቀረበው እናቱ ከመሞታቸው በፊት የሰጡትን ጠቅላላ ውክልና ነው። ይህ ውክልና ሦስት ቦታ ላይ ይሰበራል።

አንደኛ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። ሁለተኛ፣ ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ሥራ እንጂ ቤት መሸጥ አያስችልም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚስተው ነው። እናትየው በሕይወት ቢኖሩም ቤቱን በሙሉ መሸጥ አይችሉም ነበር። በእኛ ሕግ ሚስት ባሏን በሕግ አትወርስም። ከጋራ ንብረቱ ግማሹ የራሷ ነው፣ የባሏ ግማሽ ግን ኑዛዜ ከሌለ ለልጆች ይሄዳል። አባትየው ሲሞቱ ግማሹ የአምስቱ ልጆች ሆኗል። እናትየው ሲሞቱ ሌላው ግማሽም ለአምስቱ ሆነ።

ስለዚህ ሻጩ የራሴ ነው ብሎ የሚሸጠው አንድ አምስተኛውን ነው። የጋራ ንብረት በሙሉ እንዲሸጥ ደግሞ ሁሉም ባለድርሻዎች መስማማት አለባቸው። አንዷ እህታቸው ቤይሩት ናት። አንዱ ወንድም አዲስ አበባ ነው፣ አንዷ እዚሁ ጎንደር፣ ትንሹ ሰርቪስ ቤት ውስጥ። ከሻጩ በቀር ማንም አልፈረመም።

ዋጋው የረከሰበት እውነተኛ ምክንያት ይህ ነው። አራት ሰው ሳያውቅ የሚሸጥ ቤት በሙሉ ዋጋ አይሸጥም።

ሻጩ ውሉን «በሽማግሌ ፊት እንጻፍ፣ ስም ማዛወሩ ቀስ ብሎ ይደርሳል» አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ሹም ፊት መመዝገብ አለበት ይላል። በሰፈር የተጻፈ ወረቀት ሽማግሌዎቹ የቱንም ያህል የተከበሩ ቢሆኑ ስም አያዛውርም። ቀብዱንም አሰብንበት። በሕጉ ቀብድ የተቀበለው ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ሲሰማ ያጽናናል። ነገር ግን ገንዘቡን ይዞ ከአገር ሊወጣ ከተዘጋጀ ሰው እጥፍ መጠየቅ ማለት ለዓመታት ፍርድ ቤት መመላለስ ነው።

ባንክ የሚሠራ ወዳጄን ካርታውን አሳየሁት። ጥያቄዬ አንድ ነበር፤ በዚህ ቤት ታበድራላችሁ ወይ? «ወራሾቹ ስሙን ወደ ራሳቸው አዙረው፣ ሁሉም ካልፈረሙ አንነካውም» አለኝ። ይህን ጥያቄ ለማንኛውም ገዥ እመክራለሁ። ባንክ ስሜት የለውም፤ የሚያየው ቤቱን መልሶ መሸጥ መቻሉን ነው። አንተም አንድ ቀን መሸጥህ አይቀርም።

ሒሳቡና ድርድሩ

እህቴ አልተናደደችም። እኔ ደላላውን ልናገረው ነበር፣ እሷ ግን ቁጭ ብላ አሰላች። ወራሾቹ ሁሉ ቢፈርሙ ቤቱ ስንት ያወጣል? ዋልካውን አውጥቶ ባለ ሦስት ክፍል የብሎኬት ቤት መሥራት በእኔ ግምት ከ2 ሚሊዮን አያንስም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የፌሮና የሲሚንቶ ዋጋ ዛሬ የተሰላው ነገ አይሠራም፤ ለዚህ ነው ከፍ አድርጌ የገመትኩት። የስም ማዛወሪያውና የቴምብር ቀረጡ ወጪ አለ። ነባር ይዞታ፣ ማለትም በሊዝ ያልተያዘ የቆየ ቦታ፣ ከውርስ ውጭ በሽያጭ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንደሚገባ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ስለሚደነግግ፣ በየዓመቱ የሚከፈለውም አለ። ሁሉም ሲደመር 4 ሚሊዮን አለፈ። እጃቸው ላይ ያለው 2 ሚሊዮን ተኩል ነው።

ቢሆንም በሩን አልዘጋችም። ለሻጩ እንዲህ ብላ ላከችለት። ቤቱን ለ204 ካሬ በ1 ሚሊዮን 600 ሺህ ትገዛለች። አምስቱም ወራሾች የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ያወጣሉ፣ ሁሉም ይፈርማሉ፤ ቤይሩት ያለችው በልዩ ውክልና። ከዚያ በፊት ቀብድ የለም። ገንዘቡ በባንክ ይከፈላል፣ የትንሹ ወንድም ድርሻ በቀጥታ በራሱ ሒሳብ ይገባል። የመጨረሻዋን ነገር እኔ አልመከርኳትም፣ ራሷ ናት የጨመረቻት። ሳነበው ኮራሁባት።

ሻጩ በጣም ተቆጣ። «እኔን ሌባ ልታደርጉኝ ነው?» አለ። ደላላው ሌላ ገዥ አለ ብሎ ስልኩን ዘጋ። ግን ወሬው አንዴ ወጥቷል፤ ትንሹ ልጅ ለአጎቱ ነገረ። አጎትየው የዕድሩን ሽማግሌ ይዘው ወንድማማቾቹን አገናኙ። ቤይሩት ያለችው እህት በቆንስላው በኩል ውክልና እልካለሁ አለች። አዲስ አበባ ያለውም ተስማማ። በሚያዝያ ከሻጩ አዲስ ዋጋ መጣ፣ አምስቱም የተስማሙበት። 2 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር፣ ለትንሹ ወንድም ቤት እስኪያገኝ ስድስት ወር ጊዜ።

አሁን ንጹሕ ሽያጭ ነበር። ዋጋውም ለሰፈሩ መጥፎ አይደለም። ርካሹ ቤት ግን ከዚያ በኋላ የለም።

የእህቴ ባለቤት ይገዛ አለ። ክርክሩ ደካማ አልነበረም። አዘዞ እያደገ ነው፣ ቦታ አይቀንስም፣ የጎደለውን 300 ሺህ እንበደርና ቀስ ብለን እንሠራለን አለ። እኔ የፈራሁት «ቀስ ብለን» ያለውን ነው። ገንዘቡ ሁሉ ቦታው ላይ ካለቀ ለመሠረቱ የሚተርፍ የለም። ያኔ ምስጥ በበላው ምሰሶ ሥር፣ ውኃ በሚመጣበት ሊሾ ላይ፣ ክረምቱን ሊያሳልፉ ነው። ቦታው ቢወደድም የሚወደደው ለሚሸጠው ሰው ነው። ውስጡ ለሚኖር ሰው የሚታየው እርጥብ ፍራሽ ነው።

የወሰነችው እህቴ ናት። የሁለት ዓመት ልጅ አላት። «ልጄን በነሐሴ እዚያ አላስተኛም» አለች፤ ክርክሩ በዚሁ ቆመ። ባለቤቷ እስካሁን በ2 ሚሊዮን 800 ሺህ መግዛት ነበረብን ይላል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ዋጋው ትክክል ያደርገው ይሆናል፣ እኔም አልከራከረውም።

ያ ቤት በሰኔ በአምስቱ ፊርማ ተሸጠ። የገዛው ሰው አፍርሶ ሊሠራ አቅም ያለው ነጋዴ ነው፤ ለእሱ ጥሩ ግዢ ነው። ትንሹ ወንድም ድርሻውን በራሱ ሒሳብ እንደተቀበለ ሰምተናል።

እህቴ አሁን ወደ ዳገቱ በኩል ሌላ ቤት እያየች ነው። 150 ካሬ፣ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር። ካርታው ላይ ያለው ስም የሻጯ ነው፣ ባሏም አብሮ ሊፈርም ተስማምቷል፤ የጋራ ንብረት ሲሸጥ የሁለቱም ፈቃድ ግድ ነው። አፈሩ ከላይ ቀይ ነው። ከሥር ምን እንዳለ ለማየት የአንድ ሜትር ተኩል ጉድጓድ እንድናስቆፍር ሻጯ ፈቅዳለች።